የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ ደራሲው ማን ነው?

የአንድ መጽሐፍ ደራሲ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ሽፋኑን መመልከት ይበቃል ተብሎ ይታሰባል። ለልብ ወለድም ሆነ ለታሪክ መጽሐፍ ይህ አያሳስትም። ገጹን ሁሉ ሥዕል ለያዘው፣ ቃሉ ተሰብስቦ ቢጻፍ ግን ከአንድ ገጽ ለማይበልጠው የሕፃናት መጽሐፍ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በብዙ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ እንዲህ ያለው መጽሐፍ በመጀመሪያ የሚመዘገበው በቃሉ ጸሐፊ ስም ነው፤ ሠዓሊው ከበታች በሌላ መስመር ይገባል፣ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ አይገባም። በጋዜጣ ላይ በሚወጣው ሂስም ልማዱ ያው ነው፤ ስለ ታሪኩ አንድ ዓምድ ይጻፍና መጨረሻ ላይ «ሥዕሎቹም ያማሩ ናቸው» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ ልንሟገተው የተነሣነው ይህንን ልማድ ነው። አሳባችንም ይህ ነው፤ በሥዕላዊ መጽሐፍና በሥዕላዊ ልብ ወለድ ሠዓሊው የደራሲው ረዳት ሳይሆን ራሱ ደራሲ ነው፤ ስለዚህ እነዚህን መጻሕፍት ፈልጎ ለማግኘት የሚሻ አንባቢ የሠዓሊውን ስም ካልተከተለ የዚህን ሥነ ጽሑፍ ግማሹን ሳያገኘው ይቀራል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አለ፤ ሥዕላዊ መጽሐፍም አለ። ከመጀመሪያው ሥዕሉ ቢወጣ ጌጡ ይቀንሳል እንጂ ታሪኩ አይጎድልም። ከሁለተኛው ሥዕሉ ሲወጣ ግን የሚቀረው ቃል ወይ ትርጉሙን ያጣል፣ ወይ ሌላ ታሪክ ይሆናል። ለዚህ የምናውቀው ዋነኛ ምስክር እንግሊዛዊቷ ፓት ሐቺንስ በ1968 ያሳተመችው «የሮዚ ሽርሽር» ነው። የመጽሐፉ ጽሑፍ በሞላ በእንግሊዝኛው 32 ቃል ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ሮዚ የምትባል ዶሮ ከቤቷ ወጥታ በግቢው፣ በኩሬው ዳር፣ በድርቆሹ ክምር፣ በወፍጮው፣ በአጥሩና በንብ ቀፎዎቹ በኩል ዞራ ለእራቷ ትመለሳለች። ቃሉ የሚናገረው ይህንኑ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ወሬ በቃል ብቻ የሰማ ሰው «እና ምን ይሁን?» ቢል አይፈረድበትም።

በሥዕሉ ውስጥ ግን ከዶሮዪቱ ኋላ አንድ ቀበሮ አለ። ሊዘልባት ሲል ጥርሳም የእርሻ መሣሪያ ይረግጥና እጀታው ፊቱን ይመታዋል፤ ቀጥሎ ኩሬ ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያ ድርቆሽ ይቀብረዋል፤ ወፍጮው ዘንድ ዱቄት ይፈስበታል፤ በመጨረሻም ንቦች ያባርሩታል። «ቀበሮ» የሚለው ቃል ግን በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም። ሮዚም ወደ ኋላዋ ዞራ አታይም። እንግዲህ ይህ መጽሐፍ ሁለት ተራኪ አለው፤ አንደኛው ምንም ያላየ፣ ሌላው ሁሉን ያየ ነው። የመጽሐፉ ቀልድ የሚወለደው ከሁለቱ አለመስማማት ነው። ሌላም ነገር አለ፤ መጽሐፉን ለልጁ የሚያነብለት አባት ዐይኑ ፊደሉ ላይ ሲሆን የልጁ ዐይን ሥዕሉ ላይ ነው። ስለዚህ ማንበብ የማይችለው ልጅ ማንበብ ከሚችለው አባቱ ቀድሞ ነገሩን ያውቃል። ይህንን የመሰለ የአተራረክ ዘዴ በአዋቂዎች ልብ ወለድ ውስጥ ብናገኘው «ታሪኩን የማያውቅ ተራኪ» ብለን ረጅም ጥናት በጻፍንበት ነበር። እዚህ ግን ደራሲዋ በብሩሽ ስለ ሠራችው «የልጆች ነገር» ተብሎ ይታለፋል።

ሐቺንስ ቃሉንም ሥዕሉንም ራሷ ስለ ሠራች የስም ክርክር አይነሣባትም። በአሜሪካዊው በሞሪስ ሴንዳክም ላይ እንደዚሁ። በ1963 የወጣው «አውሬዎቹ ያሉበት ቦታ» የተባለው መጽሐፉ በመላው ዓለም የታወቀ ስለ ሆነ ታሪኩን አናተትም፤ ያስቸገረ ልጅ እራቱን ሳይበላ ወደ መኝታ ቤቱ ይሰደዳል፤ ክፍሉ ዱር ይሆናል፤ ልጁ በጀልባ ተጉዞ የአውሬዎች ንጉሥ ይሆንና ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛን የሚያስደንቀን የገጹ አያያዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ወረቀት ከቦታል። የልጁ ቁጣ ሲበረታ ሥዕሉ ያድጋል፤ ዱሩ ሲበቅል ገጹን ይሞላል፤ ከዚያ አልፎ ወደ ሁለተኛው ገጽ ይፈሳል፤ በመካከሉ በአውሬዎቹ ጭፈራ ላይ ሦስት ጊዜ ሁለቱንም ገጽ ሥዕል ብቻ ይይዛቸዋል፣ ቃል ጨርሶ ይጠፋል። ልጁ ሲመለስ ቃሉ ይመለሳል። የሚመለስበት ክፍል ግን መጀመሪያ በነጭ ወረቀት ተከቦ የነበረው ትንሽ ክፍል አይደለም፤ ሥዕሉ ገጹን እስከ ዳር ይሞላዋል። ልጁ አድጎ ተመለሰ የሚል ቃል በጽሑፉ ውስጥ አይገኝም። የመጨረሻው ገጽ ደግሞ ሥዕል የለውም፤ ጥቂት ቃል ብቻ አለው። ሥዕል የሚናገርበትንና ቃል የሚናገርበትን ቦታ እንዲህ አድርጎ የመደበ ሰው የመጽሐፍን አካል የተረዳ ደራሲ ነው።

ይህ መጽሐፍ በወጣ ጊዜ ልጆችን ያስፈራል ተብሎ ተነቅፎ ነበር። በ1969 የሥነ ልቡና ሊቅ የነበረው ብሩኖ ቤትልሃይም በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ነቅፎ ጻፈ፤ ይሁን እንጂ መጽሐፉን ራሱ አላየውም ነበር፤ የፈረደው ከእናቶች በሰማው ነው። እንግዲህ ሥዕላዊ መጽሐፍን በወሬ መስማት ማለት ቃሉን ብቻ መስማት ማለት ነው። ልጁ ያለ እራት መሰደዱን ሰማ፤ አውሬዎቹ ክብ ዐይንና የሚያስቅ ፊት እንዳላቸው አላየም። ሊቅነት ዐይንን አይተካም።

በአሳባችን ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ሳንመለከት ማለፍ ግን አይገባንም። ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የእንግሊዛዊው የቶልኪን ነው። ቶልኪን በ1939 ስለ ተረት ባደረገው ንግግር፣ በኋላም በ1947 በታተመው ድርሰቱ፣ ሥዕል ራሱን ችሎ መልካም ቢሆንም ለተረት እምብዛም አይጠቅምም ብሎ ተከራክሯል። ምክንያቱም ቃል «ኮረብታ» ሲል እያንዳንዱ ሰሚ በልቡ የራሱን ኮረብታ ይሠራል፤ ሥዕል ግን አንድ ኮረብታ ብቻ ያሳያል፤ ስለዚህ የሰሚውን ምናብ ይገድባል የሚል ነው። ቶልኪን ራሱ በ1937 ለታተመው «ሆቢት» ለተባለው መጽሐፉ ሥዕሎችን በገዛ እጁ የሣለ ሰው መሆኑ ቢያስገርምም ክርክሩን አያፈርሰውም። እኛ እንደሚመስለን ቶልኪን ሥዕል ስላለበት መጽሐፍ ሲናገር ልክ ነው። አስቀድሞ በቃል ሞልቶ የተነገረ ተረት ላይ ሥዕል ቢለጠፍ ትርፉ ትንሽ፣ ኪሳራውም አንዳንድ ጊዜ ብዙ ነው። በሥዕላዊ መጽሐፍ ግን ቃሉ አስቀድሞ ሙሉ አይደለም፤ ለሥዕሉ ቦታ ለቅቆ የተጻፈ ነው። በዚያ ጊዜ ምናብ የሚሠራው በቃልና በሥዕል መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። የሮዚን መጽሐፍ የሚመለከት ልጅ ቀበሮው ቀጥሎ ምን እንደሚደርስበት ገጹን ሳይገልጥ ይገምታል፤ ይህ የተገደበ ምናብ ነው ለማለት አይቻልም።

አሁን ነገሩ ከአሠራር ብልሃት አልፎ ወደ ፍትሕ ወደሚደርስበት እንምጣ። በ1962 አሜሪካዊው እዝራ ጃክ ኪትስ «የበረዶው ቀን» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ፒተር የሚባል ትንሽ ልጅ ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ሲያድር ጠዋት ወጥቶ ይጫወታል፤ አንድ እንክብል በረዶ በኪሱ ይዞ ይገባና ይቀልጥበታል። ታሪኩ ይኸው ነው። ኪትስ ሥዕሉን የሠራው ባለቀለም ወረቀትና ጨርቅ እየቆረጠ በመለጠፍ ጭምር ነው፤ በዚህም ሥራው በ1963 የካልደኮትን ሽልማት አገኘ። ፒተር ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ይህንን የሚናገር ግን አንድ ቃል በጽሑፉ ውስጥ የለም። ከመጽሐፉ ሥዕሉን አውጥተን ቃሉን ብቻ ብንተወው ፒተር የማንም ልጅ ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ጊዜ በነበረው ልማድ ደግሞ አንባቢው ሁሉ ነጭ ልጅ አድርጎ ባነበበው ነበር።

ልማዱ ምን ይመስል እንደ ነበር በቁጥር እናውቃለን። ናንሲ ላሪክ የተባለች የማንበብ ትምህርት ባለሙያ በ1965 ባሳተመችው ጥናት፣ ከ1962 እስከ 1964 ባሉት ሦስት ዓመታት በአሜሪካ ከታተሙት 5,206 የልጆች መጻሕፍት ውስጥ አንድ ጥቁር ሰው እንኳ የሚታይባቸው 349 ብቻ መሆናቸውን፣ ይኸውም በመቶ 6.7 መሆኑን አሳየች። ከኪትስ ነቃፊዎች አንዳንዶቹ ጽሑፉ ስለ ልጁ ዘር ዝም ማለቱን እንደ ጉድለት ቈጥረውበታል። እኛ ግን ጉድለቱን አናይበትም። ጽሑፉ «ጥቁሩ ልጅ ፒተር» ቢል ኖሮ ልጁ በበረዶ የሚጫወት ልጅ መሆኑ ቀርቶ ምሳሌ ይሆን ነበር። ቃሉ ዝም ሲል ሥዕሉ ስለ ተናገረ ፒተር ራሱን ሆኖ ይታያል። ይህንን የመረጠው ኪትስ በሠዓሊነቱ ነው፤ ከዚያ ቀደም ብዙ ዓመት ሌሎች በጻፉት ላይ ሲሥል ኖሮ ጥቁር ልጅ ዋና ባለ ታሪክ የሆነበት ጽሑፍ አልቀረበለትም ነበርና፣ ብቻውን የጻፈው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ሆነ።

ከዚህ ቀጥለን ወደ አገራችን ተረት እንመለሳለን፤ አንዱን ተረት በሁለት መጽሐፍ አስተያይተን ለማየት ዕድሉን የሚሰጠን እሱ ነውና። ሀብታሙ ሰው በብርዳማ ተራራ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ሌሊቱን የሚያድር ሰው ካለ ብሎ ይወራረዳል፤ ደሀው ሰው ማዶ ባለው ተራራ ላይ የሚነደውን እሳት እያየ ሌሊቱን ያነጋል፤ ሀብታሙም «እሳት አይተሃልና ሞቀህ» ብሎ ይከለክለዋል፤ በመጨረሻም ግብዣ ተጠርቶ እንግዶቹ የወጡን ሽታ ብቻ እያሸተቱ እንዲቀመጡ ይደረጋል። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ተረት ስለ ሆነ ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ፍሬ ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም።

ይህን ተረት ሐሮልድ ኩርላንደርና የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው በ1950 በአሜሪካ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ እናገኘዋለን፤ መድበሉም የተሰየመው በዚሁ ተረት ነው። ደሀው ሰው አርሃ፣ ሀብታሙ ሀፍቶም ይባላሉ። ይህ መድበል ከላይ ባደረግነው አከፋፈል ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ነው። ሥዕሎቹ ሮበርት ኬን የሣሏቸው ናቸው፤ ቢወጡ ተረቶቹ አንዳች አይጎድልባቸውም። እኛ ይህንን መድበል ለማሳነስ አይደለም፤ በቃል ለሚተረት ተረት ትክክለኛው ቅርጽ ይኸው ነው።

ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ያው ተረት ራሱን ችሎ አንድ ሥዕላዊ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ጽሑፉ የወይዘሮ ጄን ከርትዝ ነው። ወይዘሮ ጄን በሁለት ዓመታቸው ከሚሲዮናውያን ወላጆቻቸው ጋራ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በማጂ ያደጉ አሜሪካዊት ናቸው። በእሳቸው አተራረክ ባለ ታሪኩ ዓለማየሁ የሚባል ልጅ ነው፤ እኅቱ በሀብታሙ ሰው ቤት ወጥ ቤት ናት። ይህ ለውጥ ብልህነት ያለበት ነው፤ ሽማግሌ መካሪ በነበረበት ቦታ እኅት ስትተካ ፍርዱ ከወጥ ቤት፣ ከአገልጋዮች ሰፈር ይመጣል። ሥዕሉን በውሃ ቀለም የሠሩት የፊላዴልፊያው ሚስተር ኢ. ቢ. ሉዊስ ናቸው፤ የሣሉት የመጀመሪያው የልጆች መጽሐፍም ይኸው ነው።

ተረቱ ስለ ምን እንደ ሆነ ልብ ብለን ብናስብ ግን ለሠዓሊ ልዩ ፈተና መሆኑ ይታየናል። የክርክሩ ጭብጥ ማየት ነው። እሳትን ከሩቅ ማየት ይሞቃልን? ወጥን ማሽተት ያጠግባልን? ቃል ተራኪ «በሩቅ እሳት ይታይ ነበር» ብሎ ያልፋል፤ እሳቱ ምን ያህል እንደ ነበር እያንዳንዱ ሰሚ ለራሱ ይገምታል። ሠዓሊ ግን ማለፍ አይችልም። እሳቱን በወረቀቱ ላይ ማስቀመጥ አለበት፤ ሲያስቀምጥም መጠኑን መወሰን አለበት። ትልቅና ደማቅ አድርጎ ቢሥለው ተመልካቹ የሀብታሙ ሰው ክስ እውነት ያለው ይመስለዋል። የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ቢያደርጋት ልጁ በተስፋ ብቻ እንዳደረ ያያል። ጨርሶ ባይሥለው ደግሞ ልጁ በሕልሙ ያየው ያስመስለዋል። ሌሊቱንም በምን ያህል ጥቁረት፣ ጋቢውን በምን ያህል ስስነት እንደሚያሳይ የሚወስነው እሱ ነው። በወይዘሮ ጄን ጽሑፍ ውስጥ ይህንን የሚያዝዝ አይገኝም፤ የማንም ጸሐፊ ቃል አያዝዝም። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ዋናውን ዳኝነት የተቀመጠው ሠዓሊው ነው። አንባቢ መጽሐፉን ባገኘ ጊዜ የልጁን ሌሊት ገልጦ፣ ቃሉን በእጁ ሸፍኖ፣ ሉዊስ ለማን እንደ ፈረዱ ቢመለከት እንመክራለን።

ከዚህ ሌላ ወይዘሮ ጄንና ወንድማቸው ክሪስቶፈር ከርትዝ ጽፈውት በ1997 የወጣው፣ በአዲስ አበባ ርግብ ስለሚያረባ ልጅ የሚተርከው መጽሐፍም የሉዊስ ሥዕል ነው። የጸሐፊዋን ስም ተከትሎ የሚሄድ አንባቢ ይህንንና ሌሎች ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ መጻሕፍትን ያገኛል፤ ይህም መልካም ነው። የሠዓሊውን ስም የሚከተል ግን መንገዱ ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል። በ2001 የወጣውን የጃክሊን ዉድሰንን «ወዲያ ማዶ» ያገኛል፤ በዚያ መጽሐፍ አንዲት ጥቁርና አንዲት ነጭ ልጅ በአጥር ተለያይተው ይኖራሉ። በ2002 የወጣውን፣ ስለ ጥቁሯ የአውሮፕላን ነጂ ስለ ቤሲ ኮልማን የሚናገረውን የኒኪ ግራይምስን መጽሐፍ ያገኛል፤ ይህም ለሉዊስ በኮሬታ ስኮት ኪንግ ስም የሚሰጠውን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። የተራራውን ሌሊት የሣለው እጅ የአጥሩን ጥላ እንዴት እንደ ሣለ አስተያይቶ ማየት በጸሐፊ ስም በተሠራ ካታሎግ አይቻልም። በደራሲ ስም የተመደበ መደርደሪያ እነዚህን መጻሕፍት በሦስት ቦታ ይበትናቸዋል።

በሥዕላዊ ልብ ወለድ ላይ ጥያቄው ይባስ ይከራል። የዚህ ዓይነት ሥነ ጽሑፍ አባት ተብሎ የሚጠቀሰው የጄኔቫው መምህር ሮዶልፍ ቶፕፈር፣ በ1833 ስላወጣው «ሙሴ ዣቦ» ስለተባለው መጽሐፉ ሲናገር፣ ሥዕሎቹ ያለ ቃሉ ጭልም ያሉ፣ ቃሉም ያለ ሥዕሎቹ ትርጉም የሌለው መሆኑን ራሱ ተናግሮ ነበር። ሽልማት ሰጪዎች ግን ይህንን ለመረዳት ብዙ ዘመን ፈጀባቸው። በ2008 ዘመዳሞቹ ማሪኮ ታማኪና ጂሊያን ታማኪ የሠሩት «ስኪም» የተባለ ሥዕላዊ ልብ ወለድ ለካናዳ ጠቅላይ ገዥ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት በልጆች ጽሑፍ ክፍል ታጨ፤ የታጩት ግን ቃሉን የጻፉት ማሪኮ ብቻ ሆኑ። ሥዕሉን የሠሩት ጂሊያን ስማቸው አልተነሣም። በዚያን ጊዜ ሴትና ቼስተር ብራውን የተባሉት ሁለት የካናዳ ሠዓሊዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው፣ በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ጽሑፍን ከሥዕል ለይቶ መዳኘት እንደማይቻል አስረዱ። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ2015፣ «ይህ አንዱ በጋ» የተባለው የሁለቱ ሌላ መጽሐፍ የካልደኮትን የክብር ማዕርግ ሲያገኝ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ያ ሽልማት በደንቡ የሠዓሊ ስለ ሆነ ጂሊያን ተሸልመው ማሪኮ ቀሩ። አንዱ ደንብ አንዷን፣ ሌላው ደንብ ሌላዋን አስቀረ። ከዚህ የተነሣ ጥፋቱ በአንድ ኮሚቴ አድልዎ ሳይሆን በአከፋፈሉ ውስጥ መሆኑን እንረዳለን። የጸሐፊዎች ሽልማት የሆነው የኒውበሪ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥዕላዊ ልብ ወለድ የተሰጠው በ2020 ለጄሪ ክራፍት «አዲሱ ልጅ» ነው፤ ክራፍት ቃሉንም ሥዕሉንም ራሳቸው ስለ ሠሩ እንዲህ ያለ ችግር አልተነሣም።

ቃል ጨርሶ በሌለበት ጊዜስ? አውስትራሊያዊው ሾን ታን በ2006 ያወጡት «መድረስ» የተባለው መጽሐፍ አንድም የሚነበብ ቃል የለውም። ሚስቱንና ልጁን ትቶ ወደማያውቀው አገር የሚሰደድ ሰው ታሪክ ነው። በከተማው ግድግዳ ላይ፣ በወረቀቱና በማስታወቂያው ላይ የሚታየው ፊደል ታን የፈለሰፉት፣ በዓለም ላይ የሌለ ፊደል ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ አዋቂውም አማርኛ አዋቂውም በዚያ ከተማ እኩል መሃይም ነው። በባዕድ አገር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ማስታወቂያ ማንበብ አቅቶት የቆመ ወገናችን ይህንን መጽሐፍ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። እንዲህ ያለውን ሥራ «በጽሑፍ» ክፍል ወይም «በሥዕል» ክፍል ለማግባት የሚሞክር ካታሎግ ምን እንደሚያደርግ ለማየት እንወድዳለን።

ይህ ሁሉ የባዕድ ነገር አይደለም። ከማክዳ መንገሥ ጀምሮ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ያለውን ታሪክ በሸራ ላይ በሳጥን በሳጥን ከፍለው፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 44 በሚደርስ ሥዕል፣ በየሥዕሉም ሥር ጥቂት የአማርኛ ቃል እየጻፉ የሠሩ ሠዓሊዎች በአገራችን ነበሩ። ዘንዶው ይገደላል፤ ነጋዴው ታምሪን ይጓዛል፤ ንግሥቲቱ ኢየሩሳሌም ትገባለች፤ በግብዣው ላይ የሚያስጠማ ምግብ ይቀርባል፤ በሌሊት ውሃ ይጠጣል። ዐይን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እንደ ጽሑፍ እየሄደ ታሪኩን ያነብባል። ይህ ሥዕላዊ ትረካ ካልሆነ ሥዕላዊ ትረካ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ሸራ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያየ ሰው ብዙ ነው፤ ማን ሣለው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው፤ የሥዕል ጥናት ሊቃውንትም እንጂ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አንሥተን ስንመረምረው አንታይም።

በቅርቡ ዘመን አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ሲያፈላልጉ በአማርኛ የተጻፈ አላገኙም። ከዚህም የተነሣ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈው በ2002 አሳተሙ፤ በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ በሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ስለ አቶ ዮሐንስ ሥራ ብዙ ተጽፏል፤ ይገባቸዋልም። ይሁን እንጂ የተጻፈውን ስንመለከት ማሞ ቂሎ ምን እንደሚመስል፣ ሞኝነቱ በፊቱ ላይ እንዴት እንደሚታይ የወሰነው ሠዓሊ፣ ቦጋለ በላቸው፣ ከስንት አንዴ ይነሣል። የዚህ ተረት ቀልድ ደግሞ በአብዛኛው የዐይን ቀልድ ነው፤ ማሞ የተሰጠውን ነገር በማይሆን ቦታ ተሸክሞ ሲሄድ ካልታየ አያስቅም። እናቱ የምትመክረው በቃል ነው፤ ማሞ የሚሳሳተው በሥራ ነው። ቃሉ የምክር፣ ሥዕሉ የስሕተት ወገን ሆኖ ሲከፋፈል የሐቺንስን ዶሮና ቀበሮ ያስታውሰናል።

ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ካርድ ወይም መዝገብ ሲያዘጋጁ የሠዓሊውን ስም ከጸሐፊው ስም እኩል መፈለጊያ እንዲያደርጉት ማድረግ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በብሪታንያ ሠዓሊዋ ሣራ ማኪንታየር በ2010ሮቹ ይህንኑ የሚጠይቅ ዘመቻ ጀምረው አሳታሚዎችና ሽልማት ሰጪዎች የሠዓሊዎችን ስም እንዲጠሩ ወትውተዋል። እኛ ደግሞ በኮሌጃችን የአማርኛ የልጆች መጻሕፍትን የሚያጠኑ ጓደኞቻችን የሚያዘጋጁትን ዝርዝር በሁለት ዓምድ ቢጀምሩት፣ አንዱን በጸሐፊ ሌላውን በሠዓሊ ስም ቢያደርጉት እንወድዳለን። በሁለተኛው ዓምድ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቦጋለ በላቸው ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።